ስሙ ላፕቶፕ፣ ሥራው ምድጃ

ረድኢት በዚያ ላፕቶፕ ላይ ያወረደችውን እርግማን በሰው ላይ አውርዳው ቢሆን ኖሮ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ውስጥ በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው ባልተረፈ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማብሪያውን ትጫናለች። ሻይ ታዛለች፣ ሻዩ ይመጣል፣ ትጠጣዋለች፣ ብርጭቆው ተመልሶ ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ገና ዓይኑን እያሻሸ ነው። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሩብ ሰዓት እንደሠራ ሆዱ ይግላል፤ የውስጥ ማራገቢያው እንደ በርበሬ ወፍጮ ያጓራል፤ የተጫነችው ፊደል ቆይቶ ቆይቶ፣ ደስ ሲለው ብቻ ብቅ ይላል። ከዚያ ልክ የመጨረሻውን መስመር ስትጽፍ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ፣ ድርግም። በጠቆረው ስክሪን ላይ የራሷን ፊት ታያለች፤ እሱም የተቆጣ ፊት ነው።

ሥራዋ የጭነት መኪና ወረቀት ማዘጋጀት ነው። በርበራ ወደብ ላይ የተጫነ መኪና በቶጎ ውጫሌ አድርጎ ኢትዮጵያ ለመግባት የሹፌሩ ስም፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ የኮንቴይነሩና የማሸጊያው ቁጥር የሰፈረበት ወረቀት ይይዛል፤ ለወዲያኛው ወገን ደግሞ ይኸው በአማርኛ ደብዳቤ ይጻፍለታል። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት መኪናው ድንበር ላይ ይገተራል። ወረቀቱ ቢዘገይ ሹፌሩ በዚያ በበርበራ ሙቀት ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ይጠብቃል። የሚጠብቅ ሹፌር ደግሞ ሥራ ስለሌለው ይደውላል።

«ረድኢት፣ የእኔን ወረቀት እየፈተልሽው ነው እንዴ?» ይላታል ገመቹ፣ የአዳማው ሹፌር። ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው።

«ማሽኑ ነው ገመቹ።»

«የእኔ መኪና ሃያ አምስት ቶን ተሸክሞ ዳገት ላይ እንዲህ አያቃስትም እኮ። ላብሽን ጠራርጊና ጻፊው እስቲ።»

ስልኩን ስትዘጋ ጥርሷን ነክሳ ነው። እጇ ፈጣን መሆኑን ታውቃለች። ከጣቷ ጋር የሚሽቀዳደም ማሽን ቢሰጧት ዘጠኝ መኪና ከሻይ በፊት ታወጣለች። ይህንን ግን ለማን ትናገረው? የቢሮው ባለቤት ዓብዲናሲር ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «ማሽን ሰው አይደለም፣ አይሰንፍም። የሚሰንፈው እጅ ነው።» ይህንን የሚላት በአማርኛ ነው፤ ጅግጅጋ ተወልዶ፣ ጅግጅጋ ተምሮ ነው ያደገው። ለራሱ የገዛው አዲስ ላፕቶፕ ቤቱ ተቀምጧል፤ ቢሮ ካመጡት ይበላሻል ብሎ።

ረድኢት ከሰባት ዓመት በፊት ነው ከጅግጅጋ ሐርጌሳ የመጣችው። አራቱን ዓመት ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ ኻዲጃ የምትባል ሴት ቤት ተቀጥራ ወለል ስትወለውልና ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ኻዲጃ ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን በሰው ቤት ስም በተጠራ ቁጥር ብድግ ማለት፣ ደግ ሰው ቢጠራም ክፉ ሰው ቢጠራም፣ ያው ብድግ ማለት ነው። የቤቱ ልጆች የጣሉት አሮጌ ኮምፒውተር ነበር፤ ቀትር ላይ ቤቱ ሲተኛ እየከፈተች የአማርኛውን ፊደል አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመችው። ከሦስት ዓመት በፊት ዓብዲናሲር አማርኛ የሚጽፍ ሰው እፈልጋለሁ ሲል «ሂጂ፣ ይቅናሽ» ብላ የላከቻት ራሷ ኻዲጃ ናት። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ መሥራት ነውር መስሏት ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ወንበር የእሷ ነው። ወደ መወልወያው እንደማትመለስ ለራሷ ምላለች፤ ማሐላዋን የሚያፈርስባት ደግሞ ይህ ጎማ የሚሸት ጥቁር ሣጥን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ያደረገችውን አንድ ነገር ለማንም አልተናገረችም። እናቷ ስትሸኛት ከቁልቢ ያመጣችውን፣ መዳፍ የማታህል የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ሰጥታት ነበር፤ «ከእጅሽ አይለይ» ብላ። ኻዲጃ ቤት ፍራሿ ሥር ነበር የምታኖረው። ቢሮ ውስጥ ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀል፣ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። እንዳትሰቅዪ ያላት የለም፤ በሰው አገር ግን ሰው ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር አለ። ስለዚህ ላፕቶፑን ገለበጠችና ሆዱ ላይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ለጠፈችው፤ ከላዩ በቡናማ የካርቶን ፕላስተር ሸፈነችው። ቀዳዳዎቹ የድምፅ ማውጫ ይመስሏት ነበር፤ ድምፁ ቢቀንስ ለቢሮ የተሻለ ነው ብላ አሰበች። ሥዕል ከእጅ በታች መሆኑ ትንሽ ከንክኗታል። ግን ከእጅሽ አይለይ አይደል የተባለችው? ይኸው ቀኑን ሙሉ እጇ እሱ ላይ ነው። ባለፈው ሰኔ ፕላስተሩ ጠርዝ ጠርዙን መላቀቅ ሲጀምር በጥርሷ እየቆረጠች ሌላ ሁለት ድርብ ጨመረችበት።

ላፕቶፑም ማበድ የጀመረው ያኔ ሰኔ ላይ ነው። ልብ ያለው ልብ ይላል፤ እሷ ግን ልብ አላለችም። ጥፋተኛውን ቀድማ አግኝታው ነበርና።

ቢሮው የእሷ የሚሆነው እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ኮድቡር፣ ወደ ኪራይ ክፍሏ ስትሄድ ዓብዲናሲርና ጓደኞቹ በግድግዳው ሥር ፍራሽ ይዘረጋሉ፤ ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ላፕቶፑን መከዳ ላይ አስደግፈው ኳስ ያያሉ። ማለዳ ስትመጣ ወለሉ ላይ ቅጠልና እንጨቱን፣ ላፕቶፑን ደግሞ እንደ ታማሚ መከዳው ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለች። የፊደል ገበታውን ገልብጣ ስታራግፈው የጫት እርጋፊ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቅጠሉ ነው ውስጥ ገብቶ ያነቀው። በዚህ አልተጠራጠረችም። በየማለዳው ወለሉን ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር፤ እነሱ እየቃሙ፣ ሰነፍ የምትባለው እሷ።

መፍትሔ ሳትሞክር ቀርታ አይደለም። ሳይጠራ አብሮ የሚከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ አስቆመች። የማይፈለገውን ፋይል አጠፋች፤ የዓብዲናሲርን የሠርግ ቪዲዮ ሳይቀር ወደ ፍላሽ ገለበጠች። የበረዶ ውሃ ጠርሙስ ጎኑ ላይ አስደገፈች። ከራሷ ላይ አንሥታ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞረች፤ እሷ በላብ ተጠምቃ ላፕቶፑ ነፋስ ይቀበል ጀመር። ሁሉም ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ይሠራል። ከዚያ ያው ወፍጮ፣ ያው ድርግም።

ቴክኒሽያኑ ደግሞ አለ። ሳኪሪያ ይባላል፤ የዓብዲናሲር የእህት ልጅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አራት ዓመት ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ፣ ከቢሮው ሥር ምድር ቤቱ ላይ ከአንድ ሽቶ ሱቅ ጎን ስልክ የሚጠግን፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ቀጭን ሰው ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የመጽሐፍ የሚመስል አማርኛ ይናገራል። ከሐምሌ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠርታዋለች። ሦስቱንም ጊዜ መጥቶ ላፕቶፑን ይገለብጠዋል፣ ሆዱን ያያል፣ መልሶ ያቆመዋል፤ ከዚያ «ፎርማት ላድርገው» ይላል። ፎርማት ማለት ሁሉን ደምስሶ ከዜሮ መጀመር ነው። በሁለተኛው ጊዜ የአማርኛ ደብዳቤዎቿን ማስቀመጥ ረስቶ አብሮ ደመሰሳቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ አዲስ ጻፈቻቸው። ያንን ቀን ለሳኪሪያ ያልተመኘችለት በሽታ የለም።

«ለምን ከኋላ ከፍተህ አታየውም?» ብላዋለች በሦስተኛው።

«ከታች በኩል አንቺ ራስሽ ብትከፍቺው ይሻላል» አላትና ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። «ቀላል ነው። ብሎኖቹን በሙሉ ፈትተሽ ክዳኑን ማንሣት ብቻ ነው።»

መፍቻውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ቴክኒሽያኑ ፈርቶ ለጸሐፊዋ መፍቻ ይሰጣል፤ ነገ ደግሞ ሹፌሮቹ መሪውን ይሰጧት ይሆናል። እንዲህ ያለ ስንፍና በዕድሜዋ አላየችም፤ ያውም ለእሷ ሰነፍ ሲባል።

ረቡዕ ዕለት ነገሩ ፈነዳ። ወረቀት የሚጠብቁ ሁለት ሹፌሮች ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ረድኢት የሰባተኛውን መኪና ደብዳቤ ጨርሳ ልታስቀምጠው ስትል ድርግም አለ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ መታችው፤ የሻይ ብርጭቆው ዘለለ። ዓብዲናሲር ያኔ ነው በሩ ላይ የደረሰው።

«አሁንም?» አለ።

«አሁንም።»

«ነገ የስንት መኪና ነው?»

«የዘጠኝ።»

«ዘጠኙም የቀትሩ ዙሁር ሳይሰገድ በርበራ መድረስ አለበት። ኀሙስ ነው፤ ዓርብ የሚሠራ የለም። ካልደረሰ ቅዳሜ እዚህ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ፊልሳን ናት።» ፊልሳን የሚስቱ እህት ናት፤ በቅርቡ የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሳለች። «አማርኛውን በስልክ እያስተረጎመች ትጽፈዋለች። አንቺም ኻዲጃ ጋ ትመለሻለሽ፤ ዛሬም ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች።»

ረድኢት እሳት ለበሰች። ጅግጅጋ ያደገ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ ሠራተኛና አለቃ አንተ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እሷም አልተመለሰችም። «እጄ አይደለም የሰነፈው ዓብዲ። ከሰዓት እዚህ የምትቅሙት ጫት ነው ውስጡ የገባው። መከዳ ላይ አስተኝታችሁ ቅጠል ታጎርሱታላችሁ፣ ጠዋት ደግሞ እኔን ለምን አልሮጠም ትሉኛላችሁ።»

ሹፌሮቹ ወለሉን አዩ። ዓብዲናሲር ሣቀ፤ ሣቁ ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ነበር። «ወላሂ? እንግዲያው ከፍተሽ አንድ ቅጠል አሳዪኝ። አንድ! ቅዳሜ አዲስ ላፕቶፕ ካልገዛሁልሽ ዓብዲናሲር ብለሽ አትጥሪኝ።» ከዚያ በደረጃው በኩል ወደ ታች «ሳኪሪያ!» ብሎ ተጣራ።

ሳኪሪያ መጣ። ላፕቶፑን ገለበጠው። ሆዱን አየ። መልሶ አቆመው። «ፎርማት ላድርገው?» አለ።

አምስት ወር ሙሉ የታመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ሌላ ምን ታውቃለህ?» አለችው። «አራት ዓመት የተማርከው ማጥፋትና ማብራት ነው? ሐኪም ነኝ እያልክ የበሽተኛ ሆድ መንካት የምትፈራ ምን ዓይነት ሐኪም ነህ? የእኔ እንጀራ በአንተ ፍርሃት ሊቀር ነው። አልችልም በልና እንወቀው!»

ሹፌሮቹ ሣቁ። ከሁሉም በላይ የሣቀው ዓብዲናሲር ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ ልከን ብሎን የሚፈራ ሰው አመጣን» እያለ። ሳኪሪያ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሲመልስ ግን ድምፁ ያው ነበር።

«መፍቻው አለሽ?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«አንቺ ክፈቺው። እኔ ከታች በኩል አልነካም።» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ኀሙስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ገባች። ፍራሹ እንደተዘረጋ ነው፤ ቅጠሉ እንደተበተነ። አጎንብሳ መረጠች። ትልቅ እንዳይሆን፣ ትንሽ እንዳይሆን፤ ከማራገቢያ ውስጥ ወጣ ቢሉት የሚያሳምን፣ ጠርዙ የደረቀ አንድ ቅጠል። ሶፍት ውስጥ ጠቀለለችው። ውስጡ ቅጠል ካለ እሰየው፤ ከሌለም ይኖራል። መዋሸት ብላ አልቆጠረችውም። ሰነፍ እያለ አምስት ወር የዋሸባት ዓብዲናሲር ነው፤ እሷ የምትመልሰው በአንድ ቅጠል ብቻ ነው። አዲስ ላፕቶፕ፣ የራሷ ወንበር፣ የዓብዲናሲር የተዘጋ አፍ፤ ሁሉም ሶፍቱ ውስጥ ነበር።

በሩን ቆለፈች፤ ላፕቶፑን ገለበጠች፤ መፍቻውን አነሣች። ሳኪሪያ እንዳለው ቀላል ነበር፤ ይህም አናደዳት። ዘጠኝ ብሎን ፈታች። ክዳኑ ግን አልነሣም አለ፤ መሐሉ ላይ ይዞታል። አሥረኛው ብሎን ከፕላስተሩ ሥር ነው። ሥዕሉ ሳይነሣ ማሽኑ አይከፈትም ማለት ነው። አማተበችና የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፈለገች።

ጣቷ ያላወቀችው ነገር ነካ። የእሷ ፕላስተር ቡናማ ነው፤ ጠርዙም በጥርስ የተቆረጠ ስለሆነ የተዘነጣጠለ ነው። በአንዱ ጥግ ላይ ግን ቀጭን፣ ነጭ፣ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ጠርዙ በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ቀስ ብላ አነሣችው። ከሥሩ የእሷ ሦስት ድርብ ፕላስተር ከነሥዕሉ ጥግ አንድ ጊዜ ተላቆ እንደነበር ያስታውቃል፤ ሙጫው ላይ አቧራ ይዟል። የተላቀቀው እስከ መልአኩ ክንፍ ድረስ ነው። ከዚያ አልፎ አልሄደም። ያላቀቀው ሰው ክንፉን አይቶ፣ እዚያው ላይ አቁሞ፣ መልሶ በጥንቃቄ ለጥፎታል።

ረድኢት መፍቻውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። በዚህ ማሽን ላይ እጁን የሚያሳርፍ ቴክኒሽያን አንድ ሰው ብቻ ነው። አውቋል። ከሐምሌ ጀምሮ አውቋል። በሦስቱም ጊዜ ገልብጦ ያየው ሆዱን ሳይሆን ፕላስተሩ እንደነበረ መሆኑን ነው። ቢነቅለው የሰው ሥዕል ሊቀድድ ነው፤ ከፍቶ መንስኤውን ቢናገር ዓብዲናሲር ምንድን ነው የተለጠፈው ሊል ነው። ስለዚህ ፎርማት አደረገ። ስለዚህ መፍቻ ሰጣት። ስለዚህ ትናንት በሰው ፊት ፈሪ ስትለው «እኔ ከታች በኩል አልነካም» ብሎ ወረደ።

ንዴቷ አልበረደም፤ ማረፊያ ነው ያጣው። ዓብዲናሲርን ይዞ ነበር፣ ለቀቀው፤ ሳኪሪያን ይዞ ነበር፣ አፈረ፤ ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። እናቷ አጠገቧ ብትኖር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትላት ነበር፤ ልክ ትሆን ነበር።

ሥዕሉን በጥፍሯ ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ አላቀቀችው። ታችኛው ጥግ ትንሽ ከመላጡ በቀር ደህና ወጣ። ሶፍት አልብሳ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። አሥረኛውን ብሎን ፈታች፤ ክዳኑን አነሣች። ማራገቢያው ላይ ግራጫ አቧራ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ተደላድሎ ተኝቷል። ቅጠል ፈለገች። የእጅ ስልኳን መብራት አብርታ በየጥጉ ፈለገች፤ እውነት ለመናገር ተመኘችው። አንድም የለም። ያ ሁሉ ጫት የፊደል ገበታው ላይ እንጂ ወደ ውስጥ አልወረደም። አየር ማስገቢያውን የደፈነችው እሷ ናት፤ አየር ያጣ ማሽን አቧራውን ተሸክሞ አምስት ወር በራሱ ትኩሳት ሲቀቀል ኖሯል።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተጠቀለለ ቅጠል አየችው። አንሥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። በቅንድብ ብሩሿና በጥጥ አቧራውን ጠራረገች፤ ማራገቢያውን በጣቷ ስታዞረው ያለ ድምፅ ዞረ። ክዳኑን መለሰች፤ አሥሩንም ብሎን አጠበቀች።

ማብሪያውን ስትጫን ሻይ ለማዘዝ እንኳ ጊዜ አልሰጣትም። ፊደሎቹ ከጣቷ ሥር እየተሯሯጡ ወጡ። አንደኛው መኪና፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እጇን ሆዱ ሥር ሰዳ ዳሰሰችው፤ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። አምስት ሰዓት ላይ ዘጠኙም ተልኮ አልቋል። ስልኳ ጮኸ።

«ረድኢት» አለ ገመቹ፣ «ወረቀቱ ደረሰኝ። ምነው፣ ታመሻል እንዴ?»

«ንዳ ገመቹ» አለችው። «ዝም ብለህ ንዳ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዓብዲናሲር ገባ፤ ሳኪሪያ ከኋላው ነበር። ዓብዲናሲር በስልኩ ከበርበራ የመጣለትን መልእክት አይቷል፤ ፊቱ ላይ ደስታም መሸነፍም አለበት። «ዘጠኙም ደርሷል» አለ። «ማሻአላህ። እሺ፣ ቅጠሌስ የታለ?»

«ቅጠል የለም» አለች ረድኢት። «አንድም አላገኘሁም። ትናንት ያልኩህ ስሕተት ነው።»

ይህንን አልጠበቀም። «ታዲያ ምን ነበር?»

«ከታች ፕላስተር ተለጥፎበት ነበር። አየር ማስገቢያው ተደፍኖ ነው የጋለው።»

«ፕላስተር? ላፕቶፕ ላይ ፕላስተር ማን ይለጥፋል?»

ረድኢት አፏን ከፈተች። እኔ ብትል የሚቀጥለው ጥያቄ ለምን ነው፤ ለዚያ ያዘጋጀችው መልስ የላትም። ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው፤ በእግሯ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። ቢሆንም ልትለው ነበር። «እኔ—»

«እኔ ነኝ» አለ ሳኪሪያ። «ሰኔ ላይ። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።»

ዓብዲናሲር ዞሮ አየው። ከዚያ አፉ ተከፈተ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ረድኢት ቁጭ ብላ አየች። ይህችን ሴት ላባርራት ነበር እኮ አለው። አራት ዓመት የተማርከው አፍንጫ መድፈን ነው ወይ አለው። የእህቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ አለው። ረድኢት ብድግ አለች፤ «ዓብዲ፣ ተወው፣ እሱ አይደለም የ—»

«ተሳስቻለሁ አልኩ እኮ» አለ ሳኪሪያ፣ ወደ እሷ ሳያይ። «አለቀ።»

«ሁለተኛ እዚህ ማሽን ላይ እጅህን እንዳላይ» አለ ዓብዲናሲር። «የሚከፈት ነገር ካለ ረድኢት ትከፍተዋለች።» ይህንን ብሎ ሊሰግድ ወረደ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ምስጋና ነበር ከአፏ መውጣት የነበረበት፤ የወጣው ግን ቁጣ ነው። «ከሐምሌ ጀምሮ!» አለችው። «አውቀህ ዝም! ሰደብኩህ፣ ዝም! ትናንት በሰው ፊት እንደዚያ ሳዋርድህ አንዲት ቃል አትናገርም? ለብቻዬ ጠርተህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ትፈሪ ነበር» አለ። «ሰው አወቀብኝ ብለሽ ሌሊት እንቅልፍ አይወስድሽም። ከመፍራት መናደድ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ቅዳሜ ሹፌሮቹ ሲመጡ በፊታቸው ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አለችው። «በሰው ፊት የተሰደበ በሰው ፊት ነው የሚካሰው።»

«ተዪው» አለ ሳኪሪያ። «ምን አድርጎልሽ ነው ብለው ይጠይቁሻል።»

እውነቱን ነው። ልትከፍለው የማትችለው ይቅርታ ደረቷ ላይ ተቀመጠ፤ ከላፕቶፑ ይልቅ የሚያቃጥል ነገር ነበር። ሳኪሪያ ወደ ጠረጴዛው ቀረበና ላፕቶፑን ገለበጠው። አሁን ሆዱ ባዶ ነው፤ የሙጫው ምልክት ብቻ አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀርቷል። በጣቱ የቀኙን ጎን መታ መታ አደረገው።

«እዚህ ጋ ከሥሩ ባትሪው ነው» አለ፣ ስልክ ለሚያስጠግን ደንበኛ እንደሚያስረዳ። «ቀዳዳ የለውም፣ ብሎንም የለውም፣ ብዙም አይሞቅም። እዚህ ቢሆን ምንም አይጎዳም።» ላፕቶፑን መልሶ አቆመውና እሱም ሊሰግድ ወረደ።

ረድኢት በሩን ዘጋች። ሥዕሉን ከቦርሳዋ አወጣችና ሳኪሪያ ባሳያት ቦታ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ቡናማውን ፕላስተር ስባ እንደ ልማዷ በጥርሷ ልትቆርጠው አፏ ድረስ አደረሰችው፤ ከዚያ ተወችውና መቀስ ፍለጋ መሳቢያውን ከፈተች።